ምልክት የሌለው ባልዲ ከምን ተሠራ?



ረመዷን ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት የጋራ ኢፍጧር ዕቃ ማሰባሰብ ይጀመራል። የሚገዛ አለ፣ ከሰው የምንዋሰው አለ፣ ከአምና የተረፈም አለ። ከመሃላቸው የማይጠፋው ነጩ የሃያ ሊትር ባልዲ ነው። ተምር ይታጠብበታል፣ ጭማቂ ይበጠበጥበታል፣ ሰው ሲበዛና ድስት ሲያንስ ደግሞ ትኩስ ሾርባ ይገለበጥበታል። ባልዲውን ገልብጠን ግርጌውን ስናይ አንዳንዱ ላይ ባለ ሦስት ቀስት ምልክትና ቁጥር እናገኛለን፤ አንዳንዱ ላይ ምንም የለም። "ይሄ ትኩስ ነገር ይችላል?" የሚል ጥያቄ ሲነሳ አንዱ "ወፍራም ነው፣ ምን ይሆናል" ይላል፤ ሌላው አሽትቶ "ይቅርብን" ይላል። ውፍረት የፕላስቲኩን ዓይነት አይናገርም፤ ሽታም ቢሆን አሳሳች ነው። በዚህ ጽሑፍ ማንነቱ ያልታወቀን ፕላስቲክ በኢንፍራሬድ ብርሃን እንዴት መለየት እንደሚቻል፣ ከተለየም በኋላ መልሱን እስከ የት ድረስ ማመን እንዳለብን እናያለን። ኬሚስትሪ ላልተማራችሁትም እንዲገባ አድርገን ለመጻፍ ሞክረናል።

ቁጥሩ ካለ ነገሩ ይቀላል። ከ1 እስከ 7 ያሉትን ቁጥሮች እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣው የአሜሪካ የፕላስቲክ ኢንዱስትሪ ማኅበር ነው። 1 የታሸገ ውኃ ጠርሙስ የሚሠራበት ፒኢቲ ነው። 2 ጀሪካን የሚሠራበት ባለ ከፍተኛ እፍጋት ፖሊኢቲሊን፣ 3 ፒቪሲ፣ 4 ስስ ፌስታል የሚሠራበት ባለ ዝቅተኛ እፍጋት ፖሊኢቲሊን፣ 5 ፖሊፕሮፒሊን፣ 6 ፖሊስታይሪን፣ 7 ደግሞ የቀረው ሁሉ ነው። ቁጥሩ የወጣው ያገለገለ ፕላስቲክ ለሚለዩ ሠራተኞች እንጂ "ለምግብ ይሆናል" ብሎ ለመመስከር እንዳልሆነ ግን ልብ በሉ። ብዙ ሰው ቁጥር 5ን ሲያይ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ወደ ቤተ ሙከራ ከመሄዳችን በፊት አንድ ብርጭቆ ውኃ ብዙ ይሠራልናል። የጥፍር ያህል ቁራጭ ቆርጠን፣ የአየር አረፋ እንዳይዝ ጣት በጣት አሽተን ውኃው ውስጥ እንክተተው። ከተንሳፈፈ ፖሊኢቲሊን ወይም ፖሊፕሮፒሊን የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፤ የፖሊፕሮፒሊን እፍጋት 0.90 ገደማ፣ የፖሊኢቲሊን ከ0.91 እስከ 0.97 ግራም በሴንቲሜትር ኩብ ስለሆነ ሁለቱም ከውኃ ይቀላሉ። ከሰመጠ ፖሊስታይሪን (1.05)፣ ፒኢቲ (1.38 ገደማ) ወይም ፒቪሲ (1.4 ገደማ) ሊሆን ይችላል። ፈተናው ግን ይሳሳታል። ፋብሪካዎች ዋጋ ለመቀነስ ወይም ዕቃውን ለማጠንከር የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ወይም ታልክ ይጨምራሉ፤ እንዲህ የከበደ ፖሊፕሮፒሊን ይሰምጣል። ፕላስቲኩን አቃጥሎ በነበልባሉና በሽታው የመለየት ዘዴም አለ፤ ዶርም ውስጥ እንዳትሞክሩት። ፒቪሲ ሲቃጠል የሚወጣው የሃይድሮጂን ክሎራይድ ጋዝ ሳንባ የሚጎዳ አሲድ ነው።

አሁን ወደ ብርሃኑ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1800 ዊልያም ኸርሸል የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር ሲያስቀምጥ፣ ከቀዩ ቀለም ወዲያ፣ ዓይን ምንም በማያይበት ቦታ ሙቀቱ ይበልጥ ጨምሮ አገኘው። ያ የማይታይ ብርሃን ኢንፍራሬድ ነው። ለኛ የሚጠቅመን ከሞለኪውሎች ጋር ያለው ጉዳይ ነው። ሞለኪውል እንደ ድንጋይ ግትር አይደለም፤ አቶሞቹ በሞላ እንደተያያዙ ኳሶች ያለማቋረጥ ይንዘረዘራሉ። ሞላው ጠንካራ ከሆነ ንዝረቱ ይፈጥናል፤ ኳሶቹ ከከበዱ ይዘገያል። ስለዚህ እያንዳንዱ የአቶሞች ትስስር የራሱ የንዝረት ፍጥነት አለው፤ ከዚያ ፍጥነት ጋር የሚገጥመውን ብርሃን ይውጣል፣ ሌላውን ያሳልፋል። መሣሪያው የሚያወጣው መስመር ብርሃን በተዋጠበት ቦታ ላይ ጥርስ ያበቅላል፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ "ፒክ" የምንለው እሱን ነው።

የፒኮቹ ቦታ የሚለካው በሞገድ ቁጥር ነው። "2900 ላይ ፒክ አለ" ስንል በአንድ ሴንቲሜትር ርዝመት ውስጥ 2900 ሞገዶች የሚገቡበት ብርሃን ተውጧል ማለታችን ነው። መሣሪያው ብዙውን ጊዜ ከ4000 እስከ 400 ያለውን ክልል ያነባል። ሃይድሮጂን ከአቶሞች ሁሉ ቀላሉ ስለሆነ ከካርቦን ጋር ያለው ትስስር ላይኛው ክልል፣ 2900 አካባቢ ይንዘረዘራል። የካርቦንና የኦክስጅን ድርብ ትስስር 1700 አካባቢ ይገኛል፤ የሁለቱ ነጠላ ትስስር ደካማ ስለሆነ ከ1000 እስከ 1300 ይወርዳል። ከባዱ ክሎሪን ከካርቦን ጋር ሲሆን ደግሞ ከ600 እስከ 700 ድረስ ዝቅ ይላል። ይህን አራት መስመር የያዘ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ፖሊመር በሺዎች የሚቆጠሩ አቶሞች የተቀጣጠሉበት ረጅም ሰንሰለት ስለሆነ የሚያወጣው መስመር የተወሳሰበ ሊመስለን ይችላል። እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ሰንሰለቱ አንድ ትንሽ አሃድ እየደጋገመ የሚሄድ እንደ መቁጠሪያ ያለ ነገር ስለሆነ የምናየው የዚያችን አንዲት አሃድ ንዝረት ነው። ፖሊኢቲሊን ከብዙ መድኃኒቶች ይልቅ ለማንበብ የሚቀልለው ለዚህ ነው።

ናሙናውን ማዘጋጀት ድሮ አድካሚ ነበር፤ በስሱ መጫን ወይም ከፖታሲየም ብሮማይድ ጨው ጋር ፈጭቶ ማጠፍጠፍ ይጠይቅ ነበር። ዛሬ በብዛት የምንጠቀመው ኤቲአር የሚባለውን ዘዴ ነው። ቁራጩ ትንሽ የአልማዝ ክሪስታል ላይ ይቀመጣል፣ ከላይ ይጫናል፣ ብርሃኑ በክሪስታሉ ውስጥ ሲነጥር ከናሙናው ጋር ይነካካል። አንድ ደቂቃም አይፈጅም። ነገር ግን ብርሃኑ ናሙናው ውስጥ የሚዘልቀው ከ1 እስከ 2 ማይክሮሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ የሰው ፀጉር እንኳ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይወፍራል። የምናነበው እንግዲህ የባልዲውን ቆዳ ነው። ሳምቡሳ የተቀመጠበት ባልዲ ገጹ ላይ የቀረችው ስስ ዘይት 1745 አካባቢ ጉልህ ፒክ ታወጣለች፤ ይህን ያየ ጀማሪ ደግሞ ፕላስቲኩ ውስጥ ኦክስጅን አለ ብሎ ይደመድማል። ስለዚህ ቁራጩን በሳሙና አጥበን፣ በአልኮል ጠርገን፣ በደንብ አድርቀን፣ ከዚያም በምላጭ ቀደን የውስጡን ገጽ ጭምር ማንበብ አለብን። የውጭውና የውስጡ መስመር ከተለያዩ ልዩነቱ ራሱ መረጃ ነው፦ ቆሻሻ፣ ቀለም፣ በፀሐይ የተበላ ገጽ ወይም ሁለት ንብርብር ሊሆን ይችላል። ናሙናውን ከማስቀመጣችን በፊት ባዶውን ክሪስታል ማንበብም ግዴታ ነው። 2350 አካባቢ የሚመጣው ፒክ ከፕላስቲኩ ሳይሆን ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ መሣሪያው ላይ አጎንብሶ የሚተነፍስ ሰው ያጎላዋል።

ከአንድ ምልክት የለሽ ባልዲ የተቆረጠ ንጹሕ ቁራጭ ምን እንደሚሰጥ ደረጃ በደረጃ እንይ።

መጀመሪያ ዓይናችን የሚያርፈው 3000 ላይ ነው። ከ3000 በታች ጉልህ ፒኮች አሉ፣ ከ3000 በላይ ምንም የለም። ይህ ማለት የቤንዚን ቀለበት የለውም፤ ፖሊስታይሪን ቢሆን 3025 አካባቢና 1600 ላይ ይታይ ነበር፣ 697 ላይም ጠንካራ ፒክ ይኖረው ነበር። ፖሊስታይሪን ወጣ። 3300 አካባቢም ባዶ ነው፤ ናይለን ቢሆን የናይትሮጂንና የሃይድሮጂን ትስስር እዚያ ይታይ ነበር፣ 1640 እና 1540 ላይም ሁለት ፒኮች ይከተሉት ነበር። ናይለንም ወጣ። ቀጥሎ ከ1650 እስከ 1800 ያለው ሜዳ ጸጥ ብሏል። ፒኢቲ፣ ፖሊካርቦኔት፣ አክሪሊክ ሁሉም እዚህ ቦታ ላይ ጮክ ብለው ስለሚናገሩ ሦስቱም በአንዴ ወጡ። ጀማሪ የሚያየው ያለውን ፒክ ነው፤ የለመደ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የሌለውን ነው። ባዶ ሜዳ ብዙ ተጠርጣሪ ነጻ ያወጣል።

የቀሩት በዋናነት ፖሊኢቲሊንና ፖሊፕሮፒሊን ናቸው። ሁለቱም ካርቦንና ሃይድሮጂን ብቻ ስለሆኑ በመልክ ወንድማማች ናቸው፤ የሚለያቸውን ማወቅ ደስ የሚለው ክፍል ነው። ፖሊኢቲሊን አንድ ካርቦንና ሁለት ሃይድሮጂን የያዘ አሃድ ያለማቋረጥ የተቀጣጠለበት ሰንሰለት ነው። የሚሰጠውም ጥቂት ፒክ ነው፦ 2915፣ 2848፣ 1470 አካባቢና 720 አካባቢ። የመጨረሻው ብዙ አሃዶች ጎን ለጎን ሆነው አብረው ሲወዛወዙ የሚመጣ ነው፤ ጠንካራው ፖሊኢቲሊን ላይ 730 እና 720 ሆኖ ለሁለት ይሰነጠቃል፣ ሰንሰለቶቹ በክሪስታል ተሰልፈው ስለሚተሻሹ። ፖሊፕሮፒሊን ላይ ግን በየሁለተኛው ካርቦን አንድ ቅርንጫፍ ይወጣል፤ ቅርንጫፉ ሦስት ሃይድሮጂን የያዘ ካርቦን ነው። ሦስቱ ሃይድሮጂኖች እንደ ጃንጥላ ሲከፈቱና ሲዘጉ 1376 ላይ ጠንካራ ፒክ ይሰጣሉ። ቅርንጫፎቹ ሰንሰለቱን ስለሚቆራርጡት ደግሞ የፖሊኢቲሊን አሃዶች ጎን ለጎን አይገናኙም፣ ስለዚህ 720 ላይ ፒክ አይኖርም።

የኛ ባልዲ 2950፣ 2917፣ 2867 እና 2838 ላይ አራት ፒኮች፣ ከዚያ 1455፣ በጣም ጉልህ 1376፣ ቀጥሎም 1167፣ 997፣ 973 እና 841 አለው። 720 ላይ የለም። ፖሊፕሮፒሊን ነው።

720 አካባቢ ትንሽ ፒክ ቢኖርስ? ያኔም መደናገጥ አያስፈልግም። ባልዲ ሲወድቅ እንዳይሰነጠቅ ፖሊፕሮፒሊኑ ውስጥ ጥቂት ኢቲሊን ይጨመራል፤ ያቺ ትንሽ ፒክ የሱ ምልክት ልትሆን ትችላለች። 1420 አካባቢ ሰፊ ጉብታ ከ875 አካባቢ ቀጭን ፒክ ጋር ከታየ ደግሞ የተጨመረ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ነው፤ ውኃ ውስጥ የሰመጠው ቁራጭ ምስጢር እዚህ ይፈታል።

ከባልዲው ይልቅ የሚያስቸግረው ከበርሜል ወደ ባልዲ ውኃ የምንስብበት ለስላሳ የሚያሳይ ቱቦ ነው። ቱቦው 1725 አካባቢ ትልቅ ፒክ አለው፤ ብዙ ሰው ወዲያው "ፖሊስተር ነው፣ ፒኢቲ ነው" ይላል። ግን ቆም ብለን ሌላውን እንቁጠር። ፒኢቲ ቢሆን 1240፣ 1095፣ 1017 እና 725 አካባቢ ፒኮቹን ማግኘት ነበረብን። ቱቦው ያለው 1270፣ 1120፣ 1070 እና 743 ነው፤ 1600 እና 1580 ላይም ትናንሽ መንትዮች አሉት፤ ከታች ከ610 እስከ 690 የክሎሪን ክልል ተሞልቷል። ይህ ፒቪሲ ነው። ፒቪሲ ብቻውን 1725 ላይ ምንም የለውም፤ በተፈጥሮውም የውኃ ቧንቧ ያህል ደረቅ ነው። ለስላሳ ያደረገው ፍታሌት የሚባል ዘይት መሰል ማለስለሻ ነው፤ ትልቁም ፒክ የፕላስቲኩ ሳይሆን የማለስለሻው ነው። ማለስለሻው ከሰንሰለቱ ጋር አልተሳሰረም፤ መሃሉ ገብቶ ተቀምጧል እንጂ። ስለዚህ ሙቀትና በተለይ ቅባት ሲያገኝ እየለቀቀ ይወጣል። የአውሮፓ ኅብረት በልጆች መጫወቻ ውስጥ የተወሰኑ ፍታሌቶች ከ0.1 በመቶ እንዳይበልጡ የከለከለው በሆርሞንና በመራቢያ አካል ላይ በሚያስከትሉት ጉዳት ምክንያት ነው። እንዲህ ባለ ቱቦ ዘይት ወይም ትኩስ ሾርባ ማሳለፍ አይገባም፤ በዚህ ላይ ማመንታት የለብንም።

ብዙ መሣሪያዎች መስመሩን ካነበቡ በኋላ ከተከማቹ መስመሮች ጋር አመሳስለው "ፖሊፕሮፒሊን፣ 94" የሚል ዝርዝር ያወጣሉ። ይህ ቁጥር ሁለቱ መስመሮች በቅርጽ ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ ነው የሚናገረው፤ "94 በመቶ እርግጠኛ ነኝ" ማለቱ አይደለም። የኛ ፕላስቲክ ክምችቱ ውስጥ ባይኖር እንኳ ኮምፒውተሩ አንዱን አንደኛ አድርጎ መስጠቱ አይቀርም፤ ውድድር እስካለ ድረስ አንደኛ አይጠፋም። ከላይ ያለውን ቱቦ ሲያነብ አንዳንዴ ፒቪሲን፣ አንዳንዴ ማለስለሻውን አንደኛ ሊያደርግ ይችላል፤ ሁለቱም ከፊል እውነት ናቸው። ሁለቱን መስመሮች አደራርቦ በዓይን ማየት፣ በኛ መስመር ላይ ኖሮ በክምችቱ ላይ የሌለ ፒክ ካለ ደግሞ ምንጩን መጠየቅ የሰው ሥራ ነው። ጥቁር ፕላስቲክ ላይ ኮምፒውተሩ ጭራሽ ይደናገራል፤ ማጥቆሪያው ካርቦን ብርሃኑን ስለሚውጥ መስመሩ ተዳፋት ይሆናል። ያኔ በአልማዝ ፋንታ የጀርማኒየም ክሪስታል ይረዳል፣ ብርሃኑ ይበልጥ ስስ ገጽ ብቻ ስለሚነካ።

ዘዴው ለቤት ዕቃ ብቻ የሚሆን እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ ጥናት ከዝዋይ ሐይቅ ዓሦች ሆድና ከሐይቁ ደለል የተለቀሙ የፕላስቲክ ቅንጣቶችን በዚሁ በኤቲአር ለይቷል። በብዛት የተገኙት ፖሊፕሮፒሊን፣ ፖሊኢቲሊንና ከቀለም ቅብ የሚመጣ አልኪድ ናቸው። ከተመረመሩት ዓሦችም አንድ ሦስተኛ ገደማው ፕላስቲክ ውጠው ነበር። ባልዲውን ከጀሪካኑ የለየልን 1376 እና 720 እዚያም ያንኑ ሥራ ሠርቷል።

አሁን ወደ ሾርባው። ባልዲው ፖሊፕሮፒሊን መሆኑ አንድ ነገር በእርግጥ ይነግረናል፦ የሚቀልጠው 160 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሆነ የፈላ ሾርባ አያቀልጠውም። ጠንካራው ፖሊኢቲሊን 130 አካባቢ ይቀልጣል፣ በፈላ ነገር ይለሰልሳል። የፒኢቲ ጠርሙስ ገና 70 እና 80 ላይ ይኮማተራል፤ ትኩስ ሻይ የቀዳችሁበት ታውቁታላችሁ። ነገር ግን "ፖሊፕሮፒሊን" የሰንሰለቱ ስም እንጂ የባልዲው ታሪክ አይደለም። ከተማ ውስጥ የሚሸጡ ያገለገሉ ባልዲዎች ብዙዎቹ የግድግዳ ቀለም ይዘው የነበሩ ናቸው። ኢንፍራሬድ በጥቅሉ ከመቶ አንድ ገደማ በታች የሆነን ነገር በደንብ አያይም። ፕላስቲኩ ውስጥ ጠልቆ የገባ ጥቂት የቀለም ማሟሟቻ፣ የፀረ ተባይ ቅሪት ወይም በማቅለሚያው ውስጥ ያለ እርሳስ በመስመሩ ላይ ላይታይ ይችላል። እነሱን ለማግኘት ሌሎች መሣሪያዎች ያስፈልጋሉ። ስለዚህ እኛ የምንለው ይህ ነው፦ መስመሩ "ፖሊፕሮፒሊን" ቢልም ቀድሞ ምን እንደያዘ የማይታወቅ ባልዲ ለወለል ማጠቢያ ይሁን፤ ለምግብ፣ በተለይ ለትኩስና ለቅባታማ ምግብ፣ ለምግብ ተብሎ የተሠራ አዲስ ዕቃ ይገዛ። መስመሩ ፒቪሲ ካለ ደግሞ ታሪኩን መጠየቅም አያስፈልግም።

ናሙና ማስመርመር የምትፈልጉ የኢፍጧር ዕቃ ኃላፊዎች ከባልዲው ከንፈር የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭ በንጹሕ ምላጭ ቁረጡ፤ ጠፍጣፋ ከሆነች ክሪስታሉ ላይ በደንብ ትቀመጣለች። በወረቀት ፖስታ አድርጋችሁ ዕቃው ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደተገኘ፣ ከዚህ በፊት ምን እንደያዘ የምታውቁትን ሁሉ ፖስታው ላይ ጻፉ። በፌስታል አትጠቅልሉት፤ በፕላስተርም አትለጥፉት፣ ሙጫው ራሱ ፒክ ያወጣልና።